በዓሉ ግርማ፦ ሕይወቱ፣ ብዕሩና የተነጠቀው መብቱ



በማንጋፍና በአካባቢዋ የምንገኝ ተማሪዎች በየስብሰባችን ስንከራከርባቸው ከቆዩት ጉዳዮች አንዱ የግል ሕይወት ምስጢር ነው። ስልካችንን ማን ያየዋል? የጻፍነው ጽሑፍ የማን ነው? ሰው የልቡን ተናግሮ በሰላም ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ተነጣጥለው ሲነሡ ደረቅ የሕግ ክርክር ይሆናሉ። ሦስቱም በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ሲያርፉ ግን ክብደታቸው ይታያል። ስለዚህ በዚህ እትም የደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማን የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። በዓሉን በስም የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ የለም ማለት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የምናውቀው አጠፋፉን ነው። እኛ ደግሞ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን ሰው ማየት እንፈልጋለን።

በዓሉ የተወለደው በ1930ዎቹ መባቻ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በተባለው አገር ነው። በዚያ ዘመን የጎሬና የጋምቤላ መስመር በቡና ንግድ የደራ ስለነበር ህንዶችም፣ ግሪኮችም፣ ዐረቦችም በአካባቢው ሱቅ ነበራቸው። የበዓሉም አባት ለንግድ ወደ አገራችን የመጣ ህንዳዊ ሲሆን እናቱ የዚያው አገር ተወላጅ ነበረች። ግርማ የሚለው ስም ከህንዳዊው አባቱ የመጣ አይደለም። ሰውን በአባት ስምና በዘር ሐረግ በሚመዝን ኅብረተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ራሱን ራሱ መሥራት ነበረበት፤ በኋላ በልቦለዶቹ ውስጥ ደጋግመን የምናገኘው ከዘመድና ከወግ ጋር የሚታገል ብቸኛ ሰው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ገና ልጅ ሳለ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ተማረ። ሁለተኛ ደረጃን በጄኔራል ዊንጌት፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፖለቲካ ሳይንስና ጋዜጠኝነት ካጠና በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርቱን ጨረሰ። እንደ እኛው በሰው አገር የተማረ ተማሪ ነበር ማለት ነው። ጨርሶም ተመለሰ። (በዚያን ጊዜ የተማረ ሰው ወደ አገሩ መመለሱ እንደ ዛሬው ዘመዱን ሁሉ የሚያስገርም ነገር አልነበረም።)

ከተመለሰ በኋላ የሠራባቸውን ቦታዎች መዘርዘር የአገሪቱን ፕሬስ ታሪክ እንደ መዘርዘር ነው፦ መነን መጽሔት፣ አዲስ ሪፖርተር፣ አዲስ ዘመን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድ። በሁሉም በአዘጋጅነት አልፏል። እንደሚታወቀው በንጉሡ ዘመን ጋዜጣው በአብዛኛው የመንግሥት ነበር፤ መጽሐፍም ቢሆን የሳንሱርን ክፍል ሳያልፍ ማተሚያ ቤት አይደርስም ነበር። ስለሆነም የዚያ ዘመን ጋዜጠኛ ሁለት ነገር ይለምድ ነበር፤ አንደኛው መጻፍ ሲሆን ሁለተኛው የሚጽፈውን ከመጻፉ በፊት በራሱ ውስጥ ማጣራት ነው። ሁለተኛው ልማድ ብዙ ጎበዞችን አድርቋል። በዓሉን ለምን እንዳላደረቀው ስናስብ የምናገኘው መልስ ልቦለድ ነው። ቀን በቢሮ ያልጻፈውን በቤቱ ይጽፈው ነበር።

የመጀመሪያ ልቦለዱ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ታተመ። ባለታሪኩ አበራ ወርቁ የተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን በሥዕል ላይ ነው። ዘመዶቹ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ወግ ማዕረግ እንዲያይ ይወተውቱታል። ዛሬ ይህን መጽሐፍ በባዕድ አገር ሆኖ የሚያነብ ተማሪ፣ በየሳምንቱ ከቤት የሚደወልለትን ስልክ ሳያስታውስ አያልፍም። ስለ ግለሰብ ነፃነት ስንነጋገር ሁልጊዜ መንግሥትን ብቻ ማሰባችን ስሕተት መሆኑን በዓሉ ከመጀመሪያው መጽሐፉ ጀምሮ አሳይቷል። ሰውን ከፍላጎቱ የሚያግደው የመጀመሪያው እጅ ብዙ ጊዜ የሚወደው እጅ ነው።

«የህሊና ደወል» በ1966 ዓ.ም. ወጣ። በኢሉባቦር ገጠር ትምህርት ቤት ለማቋቋም የሚታገል መምህር ታሪክ ነው። በዓሉ ይህን መጽሐፍ ከዓመታት በኋላ እንደገና አንሥቶ፣ አስፍቶና ለውጦ በ1975 ዓ.ም. «ሀዲስ» በሚል ርእስ አሳተመው። አንዳንድ ተቺዎች ይህን እንደ ድካም ያዩታል። እኛ ግን እንደ ባለቤትነት እናየዋለን። ደራሲ በሥራው ላይ ካሉት መብቶች አንዱ ተመልሶ ማረም፣ ማፍረስ፣ እንደገና መገንባት ነው፤ ይህን ያለ ደራሲው ፈቃድ ሌላ ሰው ሲያደርገው ግን ስሙ ሌላ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍ እያለ ሄዶ ከሚኒስትሩ ቀጥሎ ከነበሩት ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ ሆነ። ይህን የሕይወቱን ክፍል ብዙ አድናቂዎቹ በፍጥነት ያልፉታል። እኛ ማለፍ አንፈልግም። የሳንሱሩ ሥራ በዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። የቀይ ሽብር ዘመን ፕሮፓጋንዳ የወጣውም ከዚያው ቤት ነው። በዓሉ በዚያ ቤት ወንበር ነበረው፤ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» የተባለውንም ልቦለዱን በ1972 ዓ.ም. ያወጣው በዚያ ወንበር ላይ ሳለ ነው። በእኛ ሚዛን ከሥራዎቹ ሁሉ የሳሳው ይህ ነው፤ አንባቢን ከማሳመን ይልቅ አለቃን ለማሳመን የተጻፉ የሚመስሉ ገጾች አሉበት። ኋላ በሱ ላይ የደረሰው ነገር ይህን አይሰርዘውም። ይህም ቢሆን ኋላ የደረሰበትን አያስተሰርይም።

በዚያው ዓመት የወጣው «ደራሲው» ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ግል ሕይወት ምስጢር የምንከራከር ሰዎችም ልንሸሸው የማይገባን ጥያቄ ያቀርብልናል። ሲራክ የተባለው ባለታሪክ በበዓሉ ወዳጅ፣ በደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ላይ የተመሠረተ መሆኑ በሰፊው የታወቀ ነው። ታዲያ የጓደኛን ቤት፣ መጠጥ፣ ፍቅርና ድህነት ወስዶ መጽሐፍ ማድረግ ይፈቀዳል? ሕክምና ስንማር ገና ከጠዋቱ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ የበሽተኛን ምስጢር መጠበቅ ነው። ስሙን ብንሸፍነው እንኳ ዕድሜውን፣ ሰፈሩንና ሥራውን አከታትለን ከተናገርን ስሙን እንደ ጠራን ይቆጠራል። በዚህ መለኪያ ከሄድን በዓሉ ጥፋተኛ ነው።

ከመካከላችን ይህን አጥብቀው የሚከራከሩ አሉ። እኛ ግን መለኪያው ለልቦለድ የተሠራ አይመስለንም። በሽተኛ ለሐኪም የሚናገረው ተገዶ ነው፤ ሕመሙ አስገድዶታል። ጓደኛ ግን ከጓደኛው ጋር እኩል ለእኩል ይኖራል። ስብሐት እስከ 2004 ዓ.ም. በሕይወት ስለነበር ቅር ቢለው የሚመልስበት ብዕርም አንደበትም ነበረው። ከሁሉም በላይ ልቦለድ ጸሐፊ ሽፋኑ ላይ የገዛ ስሙን አስፍሮ በአደባባይ ይቆማል፤ ያነበበ ሁሉ ሊወቅሰው ይችላል። ስለ ሰው ሕይወት በስውር የሚጻፈው የጸጥታ መዝገብ ግን ጸሐፊው አይታወቅም፣ የተጻፈበትም ሰው አያነበውም፣ መልስም የለውም። በዓሉ ሁለቱንም ዓይነት ጽሑፍ አይቷል፤ በአንዱ ኖረ፣ በሌላው ጠፋ።

በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን በአሥመራ አወጀ። ዓላማው የሰሜኑን ጦርነት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ መጨረስ ነበር። ሊቀመንበሩና ሚኒስትሮቹ ወደ አሥመራ ወረዱ፣ የፕሮፓጋንዳው ሠራዊትም አብሮ ወረደ። በዓሉም ከእነሱ ጋር ነበር። ዘመቻው ናቅፋ ላይ ተሰናከለ፤ ስፍር ቁጥር የሌለው የሁለቱም ወገን ወጣት አለቀ። ለሕዝብ የተነገረው ዜና ግን ሌላ ነበር። ይህን ዜና እንዴት እንደሚቀመም የሚያውቅ አንድ ሰው ያየውን ሁሉ በልቡ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰና ልቦለድ ጻፈ።

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በመንግሥቱ አሳታሚ ድርጅት በኩራዝ አማካይነት ወጣ። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣና በአሥመራ የተለመደ ሲሆን አበቃ፣ አከተመ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም እንደ ማለት ነው። ባለታሪኩ ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን በአዲስ አበባ ትቶ የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ ለመምራት አሥመራ ይሄዳል፤ እዚያም ፊያሜታ ጊላይ ከተባለች የከተማይቱ ቆንጆ ጋር ይወድቃል። እሷ ግን ከወዲያኛው ወገን ጋር የተሳሰረች ናት። መጽሐፉን ከስለላ ልቦለድነት ከፍ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፦ በውስጡ ምስጢር የሌለው ግንኙነት የለም። ባለሥልጣን ባለሥልጣንን ይከታተላል፤ አልጋ ላይ የተባለው ቃል በማግሥቱ ቢሮ ይደርሳል። ፍቅር እንኳ መረጃ ነው። ስለ ግል ሕይወት መጥፋት በአማርኛ የተጻፈ ከዚህ የበለጠ መጽሐፍ አናውቅም፤ የተጻፈውም ኮምፒዩተር ገና ወደ ቤታችን ሳይገባ ነው።

የዘመኑን ሹማምንት በቅርብ የሚያውቁ አንባብያን ማን ማን እንደሆነ ለመገመት አልተቸገሩም፤ ሹማምንቱም ራሳቸውን ለማወቅ አልተቸገሩም። መጽሐፉ ወዲያው ከየመደብሩ ተለቀመ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። ይሁን እንጂ አስቀድመው የተሸጡት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ በስውር መዞር ጀመሩ፤ በሌሊት ተነበው በጠዋት የሚመለሱ፣ በጋዜጣ ተሸፍነው የሚያዙ፣ እየተባዙም የሚሰራጩ ሆኑ። አንድ መንግሥት ራሱ ያሳተመውን መጽሐፍ ራሱ ሲያድን ማየት ያስቃል፤ ቀጥሎ የመጣው ነገር ባይኖር ኖሮ እኛም እንስቅ ነበር።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ የነበረ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነበር። የመንግሥት እጅ እንዳለበት የሚጠራጠር ከስንት አንድ ነው፤ ነገር ግን ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ፣ ባለሥልጣኖቹም ለዓመታት ፍርድ ቤት ቀርበው፣ እስከ ዛሬ የበዓሉ አስከሬን አልተገኘም። መቃብር የለውም።

እዚህ ላይ ማንጋፍ የሚኖር አንባቢያችን አንድ ነገር ሳያስታውስ አይቀርም። እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2024 በዚሁ በሰፈራችን በአንድ የሠራተኞች መኖሪያ ሕንፃ ላይ በተነሣ እሳት ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ የሚበዙት ህንዶች ነበሩ። ፊታቸው የማይለየው በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ተለይተው፣ በስማቸው ወደየአገራቸው ተላኩ። ቤተሰብ ለማን እንደሚያለቅስ ማወቁ ትንሽ ነገር አይደለም። ሳይንሱ ግን የሚያገለግለው የያዘውን እጅ ነው። በዚችው ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ከኢማም አል ሳዲቅ መስጊድ ፍንዳታ በኋላ ዜጋም ሆነ እንግዳ ሁሉ ዲ.ኤን.ኤ. እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ የአገሩ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የግል ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ሟችን ለመለየት ደም መመርመር አንድ ነገር ነው፤ በሕይወት ያለውን ሁሉ አስቀድሞ መዝግቦ ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጨረሻ ሁላችንም የባዮሜትሪክ አሻራ ለመስጠት ተሰልፈናል። ይህን ያነሣነው ለመወንጀል ሳይሆን፣ የትኛው መረጃ ለምን እንደሚሰበሰብ የመጠየቅ ልማድ እንዲኖረን ነው።

በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ እኅቶቻችንማ ጥያቄው ይበልጥ ይቀርባቸዋል። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68 እ.ኤ.አ. 2015፣ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ ይከለክላል። በተግባር ግን ፓስፖርትም ስልክም የሚወሰድባቸው ብዙዎች ናቸው። ስልኳን የተነጠቀች ልጅ የእናቷን ድምፅ ብቻ አይደለም ያጣችው፤ በደሏን የምትናገርበትንም አጥታለች። ይህን ሕግ በአማርኛ ተርጉመን ብናድልላቸው ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

የበዓሉን ዘመን ከእኛ ዘመን የሚለየው ሌላም ነገር አለ። ያን ጊዜ አንድን ሰው ዝም ለማሰኘት መንገድ ላይ መጥለፍ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን በአሜሪካ በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በስለላ ሶፍትዌር ኮምፒዩተሬ ውስጥ ገብቶ የቤተሰቤን ንግግር ሁሉ ቀድቷል ብሎ ከሰሰ። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው በማለት ክሱን ዘጋው። ዛሬ አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይደነግጋል። ጽሑፉ መልካም ነው። አፈጻጸሙን አንባቢ ከራሱ ኑሮ ጋር ያመዛዝነው።

አሁን ወደ መጽሐፎቹ እንመለስ። የበዓሉ ሥራዎች ዛሬ የማን ናቸው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰት ባለቤትነትን ያውቅ ነበር፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ደግሞ የደራሲው ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ እንዲቆይ ተደረገ። የበዓሉን ነገር ልዩ የሚያደርገው ታዲያ የሞቱ ቀን አለመታወቁ ነው። በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲታወጅ ማመልከት ይቻላል። እስቲ አስቡት፤ ባሏን የወሰዱባት ሴት ባሌ ጠፋ ብላ ለወሰዱት ሰዎች ፍርድ ቤት ታመልክት! ሰውን መሰወር ሕይወቱን ብቻ አይደለም የሚነጥቀው፤ ቤተሰቡ ስለ ንብረቱና ስለ መጽሐፉ የሚቆምበትንም መሬት ይነጥቃል። በ1976 ዓ.ም. እንደ ሞተ እንቁጠረው ብንል እንኳ የወራሾቹ መብት እስከ 2026 ዓ.ም. ይቆያል። ገና አላለቀም።

ይህን የምናነሣው በየቴሌግራሙ የሚዞረውን የ«ኦሮማይ» ቅጂ ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። አንዳንዶች መጽሐፉ በተከለከለ ጊዜ ሕዝብ እያባዛ አዳነው፤ ታዲያ ዛሬ ማባዛቱ ለምን ነውር ይሆናል ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1976 ዓ.ም. መጽሐፉን ያባዛ ሰው አደጋ ተሸክሞ ነበር፤ ደራሲውም ሊሸጠው የሚችልበት ገበያ አልነበረም። ቅጂው ከአሳዳጅ ያስመለጠው እንጂ ከወራሽ የወሰደው ነገር የለም። ዛሬ ግን መጽሐፉ በአዲስ አበባ መደብሮች በግልጽ ይሸጣል። የዛሬው አባዢ ምንም አይሸከምም፤ ደራሲው ሕይወቱን የከፈለበትን ነገር በነፃ ይበትነዋል፣ አንዳንዱም የቻናሉን ተከታይ ለማብዛት ይጠቀምበታል። እርግጥ ነው፣ ማንጋፍ ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ መደብር የለም፤ ከአገር ቤት በሻንጣ ካልመጣ አይገኝም። ይህ ችግር እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን መጽሐፍ ማስመጣት ነው።

«ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። የበዓሉ ስም አሁን በማያውቁት አገሮች የመጻሕፍት መደብሮች ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል። ሚሺጋን ላይ እንግሊዝኛውን አሳምሮ የተማረው፣ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ያዘጋጀው ሰው ልቦለዶቹን ሁሉ በአማርኛ ለመጻፍ መምረጡን ስናስብ፣ መጽሐፉ በራሱ እግር ወጥቶ ባሕር መሻገሩ ደስ ያሰኘናል።

ማኅበራችን አምስት የ«ኦሮማይ»ና ሦስት የ«ደራሲው» ቅጂዎችን ከአዲስ አበባ ገዝቶ አስመጥቷል። ለመዋስ የሚፈልጉ አባላት ዓርብ ከሰዓት በኋላ በንባብ ክበቡ ሰዓት መመዝገብ ይችላሉ። አንድ መጽሐፍ ከሁለት ሳምንት በላይ አይያዝም፤ ወረፋው ረጅም ነው።